ጥርስሽን ሳታስነቅዪ ይድረስሽ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእታለም ወለላ፣

የደጀን ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? ጋሽ ዘካርያስን ያ ሳል ለቀቃቸው ወይ? እኔ ከጋምቤላ ሙቀት ጋር እየተገፋፋሁ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የጎደለኝ አንድ መንጋጋ ብቻ ነው፤ እሱም አይናፍቀኝም።

ልጅሽ ሊድያ እንደነገረችኝ አንቺም በሚቀጥለው ሳምንት ልታስነቅዪ ነው። እንደተነቀልሽም አፍሽን በአረቄ ልትጉመጠመጪ ቆርጠሻል አሉ። በስልክ ብነግርሽ ሳልጨርስ ትስቂብኛለሽ፤ ስለዚህ በደጀን በኩል ወደ ባሕር ዳር ለሚያልፈው ለጎረቤታችን ልጅ ለኤልናታን ይህን ጽፌ ሰጠሁት።

መንጋጋዬን የነቀለችው ሐኪም ሲፈን ትባላለች። ዛሬ እንዳይጉመጠመጡ፣ በኃይልም እንዳይተፉ ብላ አስጠንቅቃኝ፣ ከነገ ጀምሮ የምጠቀምበትን ፀረ ጀርም መጉመጥመጫ በጠርሙስ ሰጠችኝ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን አፋችሁን ታጠቡ ስል የኖርኩ ሰው፣ ደም ያዘለ አፍ ይዤ መዋል ነውር መሰለኝ። አንቺ የላክሽልኝ አረቄ ደግሞ ከመደርደሪያው ላይ ያየኛል። አልኮል ጀርም ይገድላል ብዬ፣ በሳይንስ መምህርነቴ ተማምኜ፣ ጉንጬን ነፍቼ ደጋግሜ ተጉመጠመጥኩ።

ለካ ቁስሉን የሚሸፍነው የረጋው ደም ነው። እሱ ታጥቦ ሄደና አጥንቱ ተገለጠ። ብዙም ሳይቆይ ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ወጣ። ባሮ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረው ጎረቤቴ ኦቹዶ ጉንጬን በፎጣ አስሬ አየኝ። በልጅነቱ እንደ አገሩ ሰዎች ወግ የታች የፊት ጥርሶቹን አውልቀውለታል፤ ባዶውን ቦታ እያሳየኝ፣ እኔ ይህ ሁሉ ሲወጣ አላለቀስኩም፣ መምህር ለአንዷ ፎጣ ታስረህ ትዞራለህ ወይ አለኝ። ደግሞም አረቄ ለጉሮሮ እንጂ ለጉድጓድ ማን ሰጠው አለ። መሳቅ እንኳ አመመኝ።

ሲፈን ቁስሉን አጽድታ መድኃኒት አደረገችበት። አልተቆጣችም፤ ተማሪዬ ቢሆኑ ዜሮ ነበር የምሰጥዎት ብቻ አለችኝ።

እንግዲህ እታለም፣ የተነቀልሽ ዕለት የሚሰጡሽን ጨርቅ ነክሰሽ ዝም በይ፤ መጉመጥመጥ የለም። በማግስቱ ያዘዙልሽን መጉመጥመጫ ጥቂት ያዢ፤ ራስሽን በቀስታ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዘንብይ፤ ከዚያ አፍሽን ክፈቺና ራሱ ይፍሰስ። አትዋጪው፤ ወዲያውም ሻይ አትጠጪበት። ምግብ ጣዕሙ ቢለወጥብሽ አትደንግጪ፤ መድኃኒቱ ሲያበቃ ይመለሳል። ካላዘዙልሽ ለብ ያለ የጨው ውሃ ይበቃል፤ እሱም ቢሆን ከማግስቱ ጀምሮ ነው። እኔ እንዲህ ሳደርግ ቁስሉ ጠገገ፤ ትናንት የባሮን ዓሣ ደህና አድርጌ አላመጥኩ።

ሊድያን የምንድርበት ጥር እየተቃረበ ነው። ጉንጭሽ አብጦ እልል ማለት ካቃተሽ፣ ያን ሠርግ ሠርግ የሚያደርገው ማን ነው?

ጋሽ ዘካርያስን በአክብሮት፣ ሊድያን በናፍቆት ሳሚልኝ፤ ጎረቤትሽን አልማዜንም ሰላም በያት። የተነቀልሽ ዕለት ማታ እደውላለሁ። አንቺ አታንሺው፤ ሊድያ ታንሳውና ዝም ማለትሽን ትመስክርልኝ።

ወንድምሽ ዘውዱ
ጋምቤላ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.