ኮሎኔሉ ሽርጧን ፈትታ ዋኘች

ለተከበሩ የሜዳሊያና ሽልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ወንበርዎና ቀይ እስክሪብቶዎ እንደምን ከርመዋል እያልኩ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እኔ የጀግኖቻችንን የሽልማት ጽሑፍ ስጽፍ አሥራ ሁለት ዓመት የኖርኩ ሃምሳ አለቃ ነኝ። በሜዳሊያ መስጫው ሰልፍ ዕለት ስለተፈጠረው «የሰዋስው ብልሽት» ማብራሪያ እንድሰጥ ስላዘዙኝ፣ ሳቄን እንደምንም ውጬ፣ ሰሚ ይፍረደን ብዬ በአደባባይ አቅርቤያለሁ።

፩ኛ. ወንዙ ሞልቶ የጭነት መኪናችንን በገለበጠ ዕለት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት የወጥ ቤት ሠራተኛ ጭልፋዋን ጥላ፣ ሽርጧን ፈትታ፣ እየተመላለሰች ሰባት ወታደሮችን ከውኃ አወጣች። ከሰባቱ አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነው። ይህንኑ ጽፌ ባቀርብ «የወጥ ቤት የሥራ መዘርዝር ዋናን አያካትትም» ብለው መለሱልኝ። ወንድሜ እየሰጠመ ሳለ የሥራ መዘርዝሯን ሳይጠይቅ እጇን በመያዙ በስሙ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪ኛ. ጽሑፉን አራት ጊዜ መለሱት፤ አንዴ ኅዳጉ ጠበበ፣ አንዴ «ደፋር» የሚለው ቃል ለወጥ ቤት በዛ ተብሎ። ስለ ትጋትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ እስኪጸድቅ ወንዙ ራሱ ደረቀ።

፫ኛ. በአምስተኛው ጸደቀ! ብቻ ሜዳሊያው በዚያ ዕለት ኮረብታ ላይ ቆመው በመነጽር ይመለከቱ ለነበሩት ኮሎኔል ይሁን ተባለ፤ ትእዛዝዎም «ከስሙ በቀር አንዲት ፊደል እንዳትነካ» ይላል። ወታደር ነኝና አልነካሁም።

እናም ሰልፉ ተደርድሮ፣ ኮሎኔሉ ደረታቸውን ነፍተው እንደቆሙ፣ አንባቢው በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ «ኮሎኔሉ ሽርጧን ፈትታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እንደ እናት አቅፋ አወጣቻቸው» አለ። ከኋላ ረድፍ አንዱ በሳቅ ፍርስ አለ፤ ከዚያማ ማን ይቻለው! ሙዚቀኛው ጡሩምባው ውስጥ ስለሳቀ ድምፁ እንደ አህያ ወጣ።

ኮሎኔሉ ግን፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ጆሯቸው ቀልቶ «ይሄ እኮ የኔ አይደለም፤ ባለቤቷን ጥሩልኝ» አሉ። እትዬ እጇን እየጠራረገች መጣች፤ ኮሎኔሉም በገዛ እጃቸው ሜዳሊያውን አጠለቁላት። ወንድሜ ከሁሉ ቀድሞ ሰላምታ ሲሰጣት ሳቁ ወደ እልልታ ተለወጠ። እሷ ግን ደረቷን አየት አድርጋ «ጌታዬ፣ ሽንኩርቱ ያርርብኛል፣ ልሂድ?» አለች። እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የሰዋስው ብልሽት አልደረሰም፤ ግሡ ባለቤቱን አገኘ እንጂ።

ከትእዛዝዎ ፊደል ዝንፍ ሳይል የኖረና ለወደፊቱም የማይል፣ ቅጣትንም ሹመትንም በእኩል ደስታ የሚጠባበቅ ታማኝ አገልጋይዎ፣
የሽልማት ጽሑፍ አዘጋጁ ሃምሳ አለቃ

ማስታወሻ፦ ኮሚቴው ለራሱ የምስጋና ጽሑፍ እንዳዘጋጅለት የላከው ደብዳቤ ደርሶኛል። ርእሱንና ሙገሳውን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ «ያከናወነው ተግባር» የሚለው ክፍት ቦታ ብቻ ነው። አንድ እንኳ ካለ በአስቸኳይ ይላኩልኝ።