«ሁለት ሰዓት» ተብሎ ስለተጻፈው የእኔ ሃያ ስድስት ሰዓት

ለተከበሩ አቶ ገሠሠ
የአስታ ሜዳ ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ዓይንዎ እንዴት ነው? ዓይንዎን ለይቼ መጠየቄ ከወንበርዎ ጀርባ በመስታወት ተከቦ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በየቀኑ እያዩት፣ በውስጡ ያለውን ነገር እስከ ዛሬ ስላላዩት ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የዘጠኝ ወር እርጉዝ ነኝ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚሁ ምክንያት መሆኑን ከወዲሁ ይረዱልኝ።

እንደሚያውቁት የቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት መዝገብ ያዥ ነኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጠፋ በግ፣ የተገፋ ድንበር፣ የተሰበረ የገብስ ማሳ አጥር ስመዘግብ ኖሬአለሁ። በእኛ ቢሮ አንድ ቁጥር በስህተት ከተጻፈ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ ከጎኑ ይፈረማል፤ አለቀ። ከዚህ የረቀቀ አሠራር እንዳለ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ እገደዳለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ገንፎው አመሰግናለሁ። ባለፈው ዓመት ጥር የመጀመሪያ ልጄን ለመውለድ ስቃረብ፣ ቤታችን ከጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ስለሚርቅ፣ ምክራችሁን ሰምቼ በእናቶች ማቆያ ቤት ገባሁ። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ተኩል ምጥ ሳይጀምረኝ ውሃዬ ፈሰሰ። ለአዋላጇ ለሲስተር እስከዳር ነገርኳት፤ ልትመረምረኝም ጓንቷን አጥልቃ ነበር። በዚያው ቅጽበት ግን ከላይ የመጡ ጎብኚዎች በሩ ላይ ደርሰው ስለነበር፣ እርስዎ ሁለታችንንም ለእንግዶቹ ወደተሰናዳው የእርጉዞች የገንፎ ፕሮግራም ጠሩን፤ ውሃዬ መፍሰሱን ስነግርዎም ፕሮግራሙ እስኪያልቅ እንድታገሥ፣ ፊቴንም ፈታ እንዳደርግ በአባትነት መከሩኝ። ፈታ አደረግኩ። እልልም አልኩ። በፎቶግራፉ ላይ ስምንት እርጉዞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ሲስቁ፣ ከግራ ሦስተኛዋ ብቻ ቆማለች፤ ያቺ እኔ ነኝ። የቆምኩት ለእንግዶች ክብር አልነበረም፤ ወንበሩን እንዳላረጥብ ነበር። ቀሚሴ ከጉልበቴ በታች ጠቁሮ ይታያል። ካሜራው ደግሞ እንደ እርስዎ ይሉኝታ ስለሌለው ቀኑንና ሰዓቱን ከታች ጥግ ላይ በቀይ አትሞታል፤ በእኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰዓት አያያዝዎ አመሰግናለሁ። ጎብኚዎቹ ከተሸኙ በኋላ፣ ምጥ ላልጀመራት ሴት ካርድ እንደማይወጣና ማቆያ ቤቱ እንደ ማዋለጃ ክፍል እንደማይቆጠር ተነገረኝ። ሐሙስን እዚያው ዋልኩ። ዓርብ ጠዋት ምጡ ሲበረታና ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠኝ በሦስት ሰዓት ተኩል ወደ ማዋለጃው ገባሁ፤ ካርዱም ያን ጊዜ ተከፈተ። «ውሃ የፈሰሰበት ሰዓት» በሚለው ቦታ ላይ በሩን የረገጥኩበት ሰዓት ተጻፈ። ልጄን በአምስት ሰዓት ተኩል ወለድኳት። ስለዚህ በወረቀትዎ ላይ ውሃዬ ከፈሰሰ እስክወልድ «ሁለት ሰዓት» ብቻ ተብሎ ተመዘገበ። ከማቆያው ደጃፍ እስከ ማዋለጃው ደጃፍ ያለውን ርቀት በኋላ ሄጄ ለካሁት፤ ሠላሳ አራት እርምጃ ነው። በሠላሳ አራት እርምጃ ውስጥ ሃያ አራት ሰዓት ማጥፋት የቻለ መሥሪያ ቤት እስካሁን ሰምቼ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሕክምና ምክርዎ። በወለድኩበት ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋ ይፈለጋል ተብዬ ተሸኘሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ጡት መያዝ ተወች። አማቴ እማማ ወለተጊዮርጊስ ስድስት ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው፤ ጆሯቸውን ደረቷ ላይ አድርገው ሰሟትና «ኧረ ይቺ ልጅ እያቃሰተች ነው፣ ጨቅላ እንዲህ አያቃስትም፣ በሉ ተነሡ» ብለው በባና ብርድ ልብስ ጠቅልለው አስይዘውን መጣን። ሲስተር እስከዳር በዚያ ቀን ተራዋ አልነበረም። እርስዎ ግን ነበሩ። ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ ባናውን ገለጥ አድርገው እንኳን ሳያዩ፣ የመንዝ ብርድ ነው፣ እቀፊያት ትሞቃለች አሉኝ። አቀፍኳት። ቅዳሜን ሙሉ አቅፌያት ዋልኩ። እሑድ ጠዋት ስንመለስ ሲስተር እስከዳር ገና ስታያት መርፌ ወግታ አምቡላንስ ጠራች። ሰኞ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ክርስትና አልተነሣችም፤ ስም አልነበራትም። በእጇ ላይ የታሰረው ወረቀት «የይመኙሻል ሕፃን» ይል ነበር።

የሆስፒታሉ ሐኪም ከደሟ ግሩፕ ቢ ስትሬፕ የሚባል ባክቴሪያ መገኘቱን ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ብዙ ጤነኛ ሴቶች ሳያውቁት በአካላቸው ይዘውት እንደሚኖሩ፣ እነሱን ምንም እንደማያደርጋቸው፣ የእናት ጥፋትም እንዳልሆነ፣ ነገር ግን በወሊድ ጊዜ ወደ ልጅ ሊያልፍ እንደሚችል ነገረኝ። ውሃዋ ከፈሰሰ ዐሥራ ስምንት ሰዓት ያለፋት ወይም ምጥ ላይ ትኩሳት የያዛት ሴት አምፒሲሊን በደም ሥሯ ይሰጣታል፤ ሁሉንም ባይሆን ብዙዎቹን ሕፃናት ያተርፋል አለኝ። መድኃኒቱ ብርቅ እንዳይመስልዎ፤ ከእርስዎ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ጎብኚዎቹ ሲያደንቁት በዓይኔ አይቼዋለሁ። እንደ እኔ አንድ ልጅ በዚህ ባክቴሪያ ያጣች እናት ደግሞ በሚቀጥለው ወሊድ ምንም ሳይጠበቅ፣ ምጧ እንደጀመረ ወይም ውሃዋ እንደፈሰሰ፣ ከተቻለም ልጁ ከመወለዱ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀደም ብላ መድኃኒቱን መውሰድ አለባት። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያዎ ላከው። መድረሱንም አውቃለሁ፤ ገቢ መዝገብ ማንበብ ሥራዬ ስለሆነ የገባበትን ቀንና ተራ ቁጥር ስጠይቅ በጤና ጣቢያው መዝገብ ቤት ያለችው የሙያ ባልደረባዬ ሳትደብቅ አሳይታኛለች።

አራተኛ፣ ስለ ንጽሕናዎ። ሲስተር እስከዳር የልጄን መሞት ስትሰማ ካርዴን አውጥታ፣ «ሁለት ሰዓት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ፣ ከላዩ «ሃያ ስድስት» ብላ ጽፋ ፈርማበታለች። ማንም ሳያስተምራት ልክ በእኛ ቢሮ እንደሚደረገው አደረገችው። እርስዎ ግን ካርዱ ቆሽሿል በማለት በአዲስና በንጹሕ ካርድ እንዲገለበጥ አዘዙ፤ በንጹሑ ካርድ ላይም ሁለት ሰዓት ንጹሕ ሆኖ ተጻፈ። ሲስተር እስከዳር በወሩ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ተዛወረች። ስትሰናበተኝ አልቅሳ ነው ይህን የነገረችኝ። የእርሷ እንባ በዚያ ጤና ጣቢያ ያየሁት ብቸኛ እንባ ስለሆነ፣ እርሷን እዚህ ላይ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና አሽሙር የለበትም።

አምስተኛ፣ እንኳን ደስ ያለዎ። በዓመቱ መጨረሻ ጤና ጣቢያዎ አንድም ጨቅላ ያልሞተበት ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶታል። ልጄ በሌላ ግቢ በመሞት ላደረገችልዎ ውለታ ወረቀቱን ከፎቶግራፉ ጎን መስቀልዎ ደስ ይላል።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ቁጥር እርስዎ ዘንድ ምን እንደሚደርስበት ስለማውቅ ተውኩት። አሁን ወዳለሁበት ነገር ልምጣ። በሰኔ ወር ለእርግዝና ክትትል ስመጣ አዲሱ አዋላጅ ካርዴን አነበበ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ውሃ ከፈሰሰ ሁለት ሰዓት፣ ትኩሳት የለም፣ እናትና ልጅ በጤና ተሸኝተዋል» ይላል። በዚህ ካርድ ላይ ተመሥርቼ በምጥ ጊዜ መድኃኒት ልሰጥሽ ምክንያት የለኝም፣ የሆስፒታሉን ደብዳቤ አምጪልኝ አለኝ። ወደ እርስዎ መጣሁ። ደብዳቤው በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል የተደረገ መጻጻፍ ስለሆነ ለግለሰብ እንደማይሰጥ፣ ካርዱም ተዘግቶ ሪፖርት ስለተደረገበት እንደማይነካ ገለጹልኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሦስት ጊዜም ያንኑ በተመሳሳይ ትሕትና ገለጹልኝ። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ ክረምቱ መንገዱን ቆርጦታል፤ የምወልደው እርስዎ ዘንድ ነው። በዚያን ቀን ተረኛ የሚሆነው ማን እንደሆነ አላውቅም። ማንም ይሁን ማን የሚያነበው ያንኑ ንጹሕ ካርድ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ካሣ አልጠየቅኩም፤ ከሥራዎ ይነሡም አላልኩም። የጠየቅኩት አንድ መስመር ነው። «የመጀመሪያ ልጇ በግሩፕ ቢ ስትሬፕ ሞታለች፣ ምጥ እንደጀመራት አምፒሲሊን ይሰጣት» ተብሎ በካርዴ ላይ ይጻፍልኝ። ቀለም ከተረፈዎትም በማቆያ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ደብተር ይንጠልጠልና፣ ውሃዋ የፈሰሰ ሴት ሁሉ ሰዓቷ እዚያው ይመዝገብላት፤ ምጥ መጣም አልመጣም፣ እንግዳ መጣም አልመጣም። ይህንን እንኳን ለመጻፍ እጅዎ ከከበደዎት እኔ መጥቼ እጽፍልዎታለሁ።

የነፍስ አባቴ አባ አትናቴዎስ የዚህን ደብዳቤ ረቂቅ አንብበው፣ ልጄ ሆይ ትንሽ ለስለስ አድርጊው፣ የሰው ልብ የሚመለሰው በልስላሴ ነው ብለውኛል። ታዝዣለሁ፤ ለስለስ ያለው ይህ ነው። ከረቂቁ ላይ ያልሰረዝኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም እጠላዎታለሁ የሚለው ነው። ልጄን ባክቴሪያ ገደላት፤ እሱ ነፍስ የለው፣ ጆሮ የለው፣ ምን እለዋለሁ። እርስዎ ግን ጆሮ ነበረዎት። ሐሙስ ነግሬዎታለሁ፣ ቅዳሜ ነግሬዎታለሁ፣ በሰኔ ሦስት ጊዜ ነግሬዎታለሁ።

ለወንበርዎ ርጋታን፣ ለካርድ ክፍልዎ ንጽሕናን፣ ለቤተሰብዎ ደግሞ ያለ አንዳች አሽሙር ጤናን እየተመኘሁ፣ ለክብርዎ ከሚገባው በላይ በተዘረጋ ሰላምታ እሰናበታለሁ።

ይመኙሻል ወዳጆ
የማኅበራዊ ፍርድ ቤት መዝገብ ያዥ፣ ከግራ ሦስተኛዋ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለጤና ጣቢያው የውጭ በር
በምወልድበት ቀን ተረኛ ለሚሆን አዋላጅ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ትናንት ጨርሼ ዛሬ ልለጥፈው ነበር። ዛሬ ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ውሃዬ ፈሰሰ። ሰዓቱን እኔ ጽፌዋለሁ፤ እማማ ወለተጊዮርጊስ በጣታቸው፣ ባለቤቴ ይሥሐቅና አባ አትናቴዎስ በእጃቸው ፈርመውበታል፤ ስለዚህ ይህችኛዋን ሰዓት ማጽዳት ትንሽ ያደክምዎታል። ይሥሐቅ ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎረቤቶችን ሊጠራ ወጥቷል። በሦስት ሰዓት ተኩል ግድም ደጅዎ እንደርሳለን፤ ደብዳቤውንም በእጄ ይዤው እመጣለሁ። መልስዎን በጽሑፍ ለመስጠት አይድከሙ፤ በመርፌ ይሁንልኝ።