በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ለሚኖሩት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት (ይህም ማለት በቢሮዎና በእኛ ሳሎን)

ጉዳዩ፦ እርስዎን ወደ ቤትዎ ስለመመለስ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብ፣ ልጆች፣ ሥራው፣ ሁሉም ሰላም ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ብቻ እንዳይመስልዎ፤ በየዕለቱ እያየሁዎት ድምፅዎን አንድም ቀን ሰምቼ ስለማላውቅ ከልቤ ያሳስበኛል። ሰሞኑን ደግሞ ፊትዎ ላይ ትንሽ የመጥቆር ነገር አይብዎታለሁ፤ እንቅልፍ ያነሰዎት እንደሆነ እባክዎ ይተኙ።

እርስዎ እኔን አያውቁኝም። መጋረጃ ሰፊ ነኝ። እኔ ግን እርስዎን ከብዙ ዘመዶቼ አብልጬ አውቅዎታለሁ። የክራቫትዎ ቋጠሮ ወደ ግራ እንደሚያዘነብል፣ ፈገግ ሲሉ አንደኛው ጉንጭዎ ብቻ እንደሚሰረጉድ፣ የቀኝ ጆሮዎ ከግራው ትንሽ ከፍ ብሎ እንደበቀለ አውቃለሁ። ይህ ሁሉ ትውውቅ እንዴት እንደመጣ ላስረዳዎ ነው የተነሳሁት። ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለምገምት፣ እንደ ትልቅ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ። ብዙ ስላልተማርኩ አንዱ ከሌላው ቢረዝምብኝ በትልቅነትዎ ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ለመስተንግዶዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። እናቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ማስታወሷም እየሳሳ መጥቷል። ምግብ ቀርቦላት እንኳ መብላቱን ትረሳዋለች፤ እጇ ከሳህኑ በላይ እንደቆመ ይቀራል። ታዲያ ብዙ ከተቸገርን በኋላ አንድ ዘዴ አገኘን። ፊት ለፊቷ ወፎች የሚበሩበትን ፕሮግራም ስንከፍትላት፣ ዓይኗ ወፎቹን ሲከተል እጇ ደግሞ በራሱ ጊዜ ወደ አፏ ይሄዳል፤ እኛም ትንፋሻችንን ይዘን እናያለን፤ ትበላለች። የድሮው ቴሌቪዥናችን ግን ከመሀረብ ብዙም የማይሰፋ ስለነበር፣ ወፎቹ ዝንብ ሆኑባት። ሐኪሙም ትልቅና ደማቅ ነገር ፈልጉላት አለን። እኔ፣ ታላቅ ወንድሜና ታናሽ እህቴ ያለንን አሰባስበን ወደ መደብርዎ መጣን። ስለ ዋጋው አንዲት ቃል አልተነፍስም፤ ወንድሜ ሲሰማው ተቀምጦ ስለነበር ሌላ ጉዳት አልደረሰም።

የተቀበለን ሻጭ ጥሩ የለበሰ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ልጅ ነበር። ፕላዝማ የሚባለውን ቴሌቪዥን አሳየን። ጥቁሩ ምን ያህል ጥቁር እንደሆነ፣ ወፍ ሲበር ምስሉ እንዴት ጭራ እንደማይጎትት ነገረን። ይህ እውነት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁና የሰው ሐቅ አልበላም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ ፋብሪካው ከእንግዲህ ይህን ዓይነት እንደማይሠራ፣ ከመላው መደብር የቀረው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ ወደፊት ያየን ሰው ሁሉ እንደሚቀናብን በጆሯችን ነገረን። እኛም ዕድላችንን አመስግነን ወጣን።

ሁለተኛ፣ ከእርስዎ ዘንድ ስለተማርኩት ንግድ አመሰግናለሁ። እኔም ጥቅል ሲያልቅ የሚተርፍ ጨርቅ እሸጣለሁ። ነገር ግን ለደንበኛዬ፣ እህቴ፣ ይህ ጨርቅ ከእንግዲህ አይመጣም፣ ቢቀደድብሽ መጣፊያ አላገኝልሽም፣ ይህን አውቀሽ ከወደድሽው ባነሰ ሒሳብ ውሰጂው እላታለሁ። ለካስ እስከዛሬ በድንቁርና ነው የኖርኩት። መጣፊያ የሌለው ነገር ክብር ተብሎ፣ ዋጋው ላይ ተጨምሮበት እንደሚሸጥ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ሦስተኛ፣ ቴሌቪዥኑ ቤታችን የደረሰው ያለ ካርቶን፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። ካርቶኑን ዝናብ መትቶት ነው ተባልን፤ አመንን። ደግሞስ ፊቱ ላይ ንጹሕ ላስቲክ ተለጥፎበት ነበርና ምን እንጠርጥር? እናቴን አጠገቡ አስቀምጠን፣ የላስቲኩን ጫፍ በእሷ ጣት አስይዘን ላጥነው። ደስ አላት። እኛም አጨበጨብን።

ወፎቹ መጡ። ሰማዩ ሰፊና ሰማያዊ ሆነ። በሰማዩ መሀል ደግሞ አንድ ጥላ ነበር። አቧራ መስሎን ጠረግነው። እህቴ መነጽር በምትወለውልበት ጨርቅ ደጋግማ አሸችው። ጥላው ቀስ በቀስ ጆሮ አወጣ፣ ክራቫት አሰረ፣ ከአገጩ በታች «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ አበቀለ። እነሆ በገዛ ቤታችን እንኳን ደህና መጣችሁ የሚለን ሰው አገኘን።

ደወልንላችሁ፤ ከብዙ ደጅ መጥናት በኋላ አንድ የጥገና ሠራተኛ ላካችሁልን። ሰማያዊ ምስል ከፍቶ ትንሽ ራቅ ብሎ አየ፤ ከዚያ የሳቁን ግማሽ በእጁ ጀርባ አፍኖ፣ «ይኼማ አለቃችን ናቸው» አለን። ይህ ቴሌቪዥን የመደብራችሁ መግቢያ ላይ ቆሞ፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር ፎቶግራፍዎን እያሳየ ሲቀበል የከረመ እንደሆነ፣ እንዲህ ዓይነት መስታወት ላይ ሳይነቃነቅ የቆየ ምስል ሰርጎ እንደሚቀርና እንደማይለቅ አስረዳን። እሱ መናገሩን እንዳልነግርበት ደግሞ ለምኖኛል። ስሙን አልጠየቅሁትም፤ ብትጠይቁኝም አላውቅም። እውነት የሚናገረውን ሰው ከሠራተኞችዎ መሀል ለይቶ ለማውጣት ግን ብዙ አይደክሙም ብዬ እሰጋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ያንገሸገሸኝ ገንዘቡ አይደለም። ላስቲኩ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሰው ሁሉ ጣት ያረፈበትን መስታወት ወለወለ፣ ላስቲክ ለክቶ ቆረጠ፣ አረፋ እንዳይዝ በእጁ እያሻሸ ለጠፈ፤ ይህን ሁሉ ያደረገው እኛ እንድንልጠው ነው። አዲስ ነው ብላ የገዛችው ቀሚስ ብብት ላይ የሌላ ሰው ላብ ደርቆ ያገኘች ሴት ምን እንደሚሰማት ያውቃሉ? እኔን የተሰማኝ እሱ ነው። እናቴን ያን ላስቲክ ያስላጥኳትና ያጨበጨብኩላት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን እጄን ደጋግሜ ታጥቤ እንኳ የጸዳ አልመሰለኝም።

አራተኛ፣ አብሮ መኖሩን እየለመድነው መሆኑን ስገልጽልዎ በደስታ ነው። ወንድሜ ኳስ ሲያይ ተጫዋቾቹ በግንባርዎ ላይ ይሯሯጣሉ፤ የማዕዘን ምት ከጆሮዎ ሥር ይመታል። የአየር ሁኔታ ሲነገር ዳመናው ሁልጊዜ የሚያርፈው ክራቫትዎ ላይ ነው። እህቴ ፍቅረኛሞች ሊሳሳሙ የቀረቡበትን ፊልም ስታይ መሀላቸው ገብተው ፈገግ ይላሉ፤ ምነው እኚህ ሰውዬ ሥራ የላቸውም እንዴ ትላለች። ጎረቤቶቻችን ከዘመዶቻችን ማንኛው እንደሆኑ ይጠይቁናል። በአባቴ ወገን ነው እንላለን፤ እናቴን ማሰደብ አልፈለግንም።

አምስተኛ፣ የደንበኞች አገልግሎት ክፍልዎ ስለሰጠን ፈጣን መልስ ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። እዚያ ያለችው ልጅ፣ ምስሉ የቀረው እኛ አንድን የቆመ ምስል ለረጅም ጊዜ ከፍተን በመተዋችን እንደሆነ፣ ይህም የአጠቃቀም ጉድለት ስለሆነ ዋስትናው እንደማይሸፍነው በትሕትና ገለጸችልኝ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ መልክዎን ማንቋሸሼ አይደለም፤ ግን የእርስዎን ፎቶግራፍ ግድግዳ በሚያህል መስታወት ላይ ከፍቶ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ወራት ሙሉ አፍጥጦ የሚያይ ቤተሰብ ይኖራል ብለው ያምናሉ? ባለቤትዎ እንኳ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ፣ ይህን ያህል የሚችሉት አይመስለኝም።

መስታወቱን በሌላ ቀይሩልን ስንል፣ ፋብሪካው ማምረት ስላቆመ መለወጫ የለም ተባለ። የሚቀናብን ሰው ሁሉ ታዲያ የሚቀናው በዚህ ነው ማለት ነው? መፍትሔ ብላችሁ ያቀረባችሁልን ደግሞ አዲስ የመጣውን ቀጭኑን ዓይነት በትንሽ ቅናሽ እንድንገዛ ነበር። ያው ያ አንደበተ ለስላሳ ሻጭ፣ ፕላዝማ ድሮ ቀረ፣ አሁን ማን ይገዛዋል ብሎ ሳቀብኝ። ሲሸጥልኝም ሲስቅብኝም ፊቱ አንድ ነበር፤ ሥልጠናው ጥሩ ነው።

ስድስተኛውና የመጨረሻው፣ ቀልዱን ትቼ የምጽፈው ነው።

እናቴ እርስዎን ባየችበት የመጀመሪያ ቀን ሻሿን አስተካከለች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችዎ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ እንግዳው እንዳይሰማ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «ሰውየው ምንም ሳይቀምስ እኔ ልጉረስ? እንዲህ ነው ያሳደግኋችሁ?» አለችኝ። ምስል ነው እማዬ፣ የሱቅ ሰውዬ ነው፣ ተጣብቆ ቀርቶ ነው አልናት። ገባት፤ በራሷ ሳቀች። ማንኪያው አፏ እስኪደርስ ግን ረሳችው። እርስዎ ደግሞ አልሄዱም፤ እዚያው ነዎት። ሳህኑን ወደ እርስዎ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማዕዱ ሳህኑን ትገፋልዎታለች፤ እርስዎ አይበሉም፤ እሷም አትበላም።

ቴሌቪዥኑን ስናጠፋው ወፎቹ የሉም፤ እጇ ሳህኑ ላይ ቆሞ ይቀራል። ስንከፍተው እርስዎ አሉ። በሙያዬ ልገላገል ብዬ እርስዎ ያሉበትን ቦታ ለክቼ መጋረጃ ሰፋሁለት፤ ሰማዩ ከዳርና ከዳር እንዲታያት። አይታው ደነገጠች። ሰውየው አረፈ እንዴ፣ ፊቱን ለምን ሸፈናችሁት ብላ አለቀሰችልዎ። ያን ቀን ውኃ እንኳ አልወሰደችም። መጋረጃውን ቀደድኩት።

ቀሚሷን አንዴ አጠበብኩት። ቆይቼ እንደገና አጠበብኩት። ሐኪሙ ከዚህ በላይ ከከሳች ሆስፒታል ገብታ በቱቦ ትመገባለች ብሎናል። እንግዲህ የእርስዎ መደብር ቆጥቦ ያተረፈው ነገር፣ ከእናቴ ወገብ ላይ የተቆረጠ መሆኑን እንዲያውቁልኝ ነው።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ አዲስ ዘመን ያመጣው ይሁን አሮጌ ዘመን የተወው፣ ወፍ በሩቁ የሚታይበትና ማንም ሰው የማይኖርበት አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን በዚህኛው ምትክ ይስጡን። ይቅርታ ይጠይቁን አልልዎትም፤ እሱም መደብርዎ ውስጥ ከማይገኝ ዕቃ መሀል እንደሆነ አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ጽፌ መልስ ልጠብቅ አስቤ ነበር። ትናንት በራት ሰዓት ላይ ግን እናቴ ሳህኗን አስቀምጣ ብዙ ካየችዎ በኋላ፣ እኛን ሳይሆን እርስዎን፣ «ልጄ፣ መሽቷል፤ ቤትህ ይጠብቁሃል። ተነስ፣ እኔው ልሸኝህ» አለችዎ። ጠበቀችዎ። አልተነሱም። ዓይን አፋር ነው፣ እስከ ቤቱ ማድረስ አለብን አለችን። እሷን እምቢ ማለት የሚችል ሰው ቤታችን ውስጥ የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደንበኛ በሚበዛበት ሰዓት፣ ወንድሜ የጭነት መኪና ይዞ፣ እኔና እህቴ ቴሌቪዥኑን በዚያው ብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ እናቴ ደግሞ እርስዎን ሸኝታ መደብርዎ ድረስ እንመጣለን። መግቢያው ላይ እናቆመዋለን፤ ቦታውን ያውቀዋል። መቆም ስለማትችል አንድ ወንበር እንዲያዘጋጁላት በትሕትና አሳስባለሁ። ማን እንደሆንን የሚጠይቀን ደንበኛ ካለ እሷው ትነግረዋለች፤ ያው ረስታ ስለምትደግመው ለመጣው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ ነው የምትነግረው።

ለሰጡን ትኩረት፣ ላልሰጡንም ትኩረት፣ በየዕለቱ ለማይጠፋው ፈገግታዎ ወደር የሌለው አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ረጅም ዕድሜ ከነሙሉ የምግብ ፍላጎቱ እመኝልዎታለሁ።

ሁልጊዜም የሚያይዎት
መጋረጃ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
ቴሌቪዥኑ ውስጥ ላሉት ለእርስዎ
ቴሌቪዥን ሊገዙ ላሰቡ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ እናቴ ባዶ እጇን አትመጣም። ይህን ያህል ጊዜ ቤታችን ከርመው ምንም ባለመቅመስዎ ስላዘነች፣ ምግብ ቋጥራልዎ ነው የምትመጣው። እባክዎ አጠገቧ ተቀምጠው፣ በደንበኞችዎ ፊት ይጉረሱላት፤ እርስዎ ሲጎርሱ ካየች እሷም ትጎርሳለች። ያን ቀን ታዲያ ቁርስ ሳይበሉ ይምጡ። እሷም ሳትበላ ነው የምትመጣው።