ሰዓት የሌለው ጌም

ኅዳር 3

ቢሮ። የአውቶብሶቹ መነሻ ሰዓት ፕሮግራም እንደገና ተበላሸ። ሰባት ቁጥር ሳይነሳ ደርሷል ይላል። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አንዲት ቁጥር ናት ቦታዋን የሳተችው። አስተካከልኩ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ሌላ ስህተት መጣ።

ቤት ስገባ ጭር ብሏል። ጭር ሲል ደስ ይለኛል ወይስ ይከፋኛል? ገና አልወሰንኩም።

ሰውዬው ከወጣ ሰባት ሳምንት። ወንድሙ ጋ ነው ያለው። «ሰውዬው» የምለው ሌላ ስም ስላጣሁ ነው። «ባለቤቴ» እንዳልል ሻንጣውን ይዞ ወጥቷል። «የቀድሞ» እንዳልል ወረቀቱ አላለቀም።

ኅዳር 4

ኢሜይል። የጌም ውድድሩ አርብ ይጀምራል። አሥር ቀን፣ ከባዶ ተነስቶ አንድ ጌም ሠርቶ ማስረከብ። ረስቼዋለሁ… በክረምት ነው ሁለታችን በአንድ ቡድን የተመዘገብነው። እኔ ኮድ፣ እሱ ሥዕልና ድምፅ። የቡድን አባል መቀየር አይቻልም ይላል።

ልተወው። ምን አስጨነቀኝ።

ኅዳር 5

ደወለ። ስለ ውድድሩ መስሎኝ «አይቻለሁ፣ እንተወው» አልኩት።

«ምኑን?»

ለካ ስለ እናቱ ነው። የዓይን ሞራቸው ቀዶ ጥገና ተራው ደርሶ ሰኞ ሊሠሩ ነው። ሐኪም ቤቱ ከዚህ ሁለት መንገድ አልፎ ነው፤ እንደ ወትሮው እኛ ቤት ያርፋሉ። «እኛ ቤት» አለ።

«ነገርካቸው?»

«አልነገርኳትም። የደም ግፊቷ ከፍ ካለ አይሠሯትም። ድና ትነሳና እንነግራታለን።»

«ስለዚህ አንተም ትመለሳለህ።»

«አንቺ ከእሷ ጋ መኝታ ቤት፣ እኔ ሥራ ክፍል ፍራሽ ላይ። ማንም አይጠረጥርም። አሥር ቀን ነው።»

አሥር ቀን። ሳቄ መጣ። «እንግዲያው ጌሙንም እንሥራው» አልኩ። ለምን አልኩ? ሥራ ከያዝን ስለ ሌላ ማውራት አይኖርብንም ብዬ ይመስለኛል።

ኅዳር 6

መጣ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ ደወል ደወለ።

የውድድሩ ርዕስ ወጣ። «ዕረፍት»። ሥራ ክፍል ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ተቀመጥን።

«ሰዓት አይኑረው» አለ።

«ነጥብም አይኑረው።»

«ጽሑፍም።»

«ጽሑፍ ከሌለው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት በምን ያውቃል?»

«ነክቶ ያያላ።»

በአምስት ደቂቃ ተስማማን። ከእሱ ጋ በአምስት ደቂቃ የተስማማሁበት የመጨረሻው ጊዜ መቼ ነበር? የግድግዳውን ቀለም ስንመርጥ ሦስት ሳምንት ነው የፈጀብን። በመጨረሻም ነጭ ቀባነው።

ኅዳር 8

ጌሙ መልክ ይዟል። ግራጫ ሰሌዳ። ላዩ ላይ አራት አምስት ክብ ጠጠሮች፣ የዚያኑ ያህል ጎድጓዶች። ጠጠሩን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ተንሸራቶ ይሄዳል፣ የሚያቆመው ነገር እስኪያገኝ። የሚያቆመው ሌላ ጠጠር ነው ወይ የሰሌዳው ጠርዝ። ሁሉም ጎድጓዳቸውን ሲያገኙ ሰሌዳው ቀስ ብሎ ቀለም ይለውጣል። በቃ። የተሳሳተ ሰው አይቀጣም፣ የተሳካለትም አይጨበጨብለትም።

ስሙን «ረጋ» አልነው። እሱ ነው ያወጣው። ጥሩ ስም ነው።

ከሰዓት እናትየው ገቡ። እማማ ነው የምላቸው። ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው «ከሳሽ» አሉኝ። እሱንም «አንተም ከሳህ» አሉት። በእሳቸው ዓይን እንዴት እንዳዩን እንጃ።

ኅዳር 9

ተሠሩ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ውጭ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ ስልኩ ላይ ጠጠር ይስላል፣ እኔ የአውቶብስ ሰዓት አርማለሁ። ነርሷ «ቤተሰብ?» ስትል ሁለታችንም ብድግ አልን።

ማጎንበስ የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም፣ ጠብታ በቀን አራቴ። ጠብታውን የማደርግላቸው እኔ ነኝ።

ኅዳር 11

እማማ ሳሎን ተቀምጠው የሚመጣ የሚሄደውን በእርምጃው ይለያሉ። እሱ ከሥራ ሲመለስ አሁንም ደወል ይደውላል።

«ምነው እዚያ ክፍል ተዘግታችሁ ትውላላችሁ?»

«ጌም እየሠራን ነው እማማ።»

«በዚህ ዕድሜያችሁ?»

እሱ ሳቀ። ሳቁ ስንት ጊዜ ሆነው? ድሮ ከሩቅ ይሰማ ነበር። አሁንም ይሰማል ለካ።

ሃያ ደረጃ ሠርተናል። ዘጠነኛው መፍትሔ የለውም። ማለዳ ከቢሮ በፊት አንድ ሰዓት ስታገለው ቆየሁ። አንድ ጎድጓድ ወደ ግራ ሳዞረው ተፈታ።

ኅዳር 12

አንድ ድምፅ ቀርጾ አመጣ። ደረጃው ሲያልቅ የሚሰማ። የእንጨት መሳቢያ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ነው። የማተሚያ ቤታቸው አሮጌ ጠረጴዛ፣ ፊደል ይደረደርበት የነበረ። እሱ እዚያ የመድኃኒት ጠርሙስ ወረቀት ነው የሚነድፈው። ድምፁን ለመያዝ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ እስኪወጣ ጠብቋል።

አዳመጥኩት። ከበደኝ። ቀለሙ ከተለወጠ ድምፅ ምን ያደርጋል? ጌሙ ጸጥ ማለት አለበት። እሱ ሥራ ላይ እያለ አወጣሁት።

ኅዳር 13

አየ።

«ድምፁ የት ሄደ?»

«አያስፈልግም ነበር።»

«ማን ወሰነ?»

ዓይኔን ወደ ኮዱ መለስኩ።

«ይኸው!» አለ። በሹክሹክታ ነው፤ እማማ ሳሎን ናቸው። «ይኸውልሽ። እኔ የነካሁት ሁሉ አንቺ ጋ ሲደርስ ስህተት ነው። ለሰው ቀልድ ስነግር እንኳ መሀል ገብተሽ ታርሚኛለሽ።»

«መቼ?»

«እኅትሽ ቤት። ሰው ሁሉ ሊስቅ አፉን ከፍቷል። ‹ረቡዕ አይደለም፣ ማክሰኞ ነው› አልሽ።»

«ማክሰኞ ነበራ።»

አፈጠጠብኝ። ከዚያ ወጥቶ ለእናቱ ውሃ ሰጣቸው።

በሹክሹክታ መጣላት ለካ ያደክማል። ቢጮኽብኝ እጮኽበት ነበር። አሁን ግን ቃል በቃል ሰማሁት።

ማክሰኞ ነበር እኮ። ግን ሳቁስ? ሰዎቹ ሳቁ ወይ? አላስታውስም። ቀኑን ነው የማስታውሰው።

ኅዳር 14

ቅዳሜ። እሱ ገበያ ወጣ። እማማ «እስቲ ያንን ጨዋታችሁን አሳዪኝ» አሉ። ስልኬን ሰጠኋቸው። ዓይን የሚጋርደውን ፕላስቲክ ከትናንት ወዲያ አውልቀዋል፤ የተሠራው ዓይን ገና እንባ ይሞላዋል። እጃቸው ግን አይሳሳትም። ጠጠሩን እንደ ጥራጥሬ ለቀም ያደርጉታል።

«ጠላት የለውም?»

«የለውም።»

«ማሸነፍስ?»

«የለውም እማማ።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚበቃኝ?»

«ሲበቃዎት።»

ወደዱት ይህንን። ከዚያ አራቱንም ጠጠር አስገቡ። ሰሌዳው ቀለም ለወጠ። እሳቸው ግን መግፋታቸውን ቀጠሉ። ገፉ፣ ገፉ፣ ምንም አይንቀሳቀስም።

«ተበላሸ መሰለኝ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

«ኧረ አልተበላሸም። ጨረሱ።»

«በምን አውቄ? ቀለም ተለወጠ ትይኛለሽ፣ ለእኔ ሁሉም ጉም ነው። በር እንኳ ሲዘጋ ቀጭ ይላል፣ ልጄ።»

ስልኩን ይዤ ሥራ ክፍል ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ቀጭ አለ።

ኅዳር 15

ድምፁን መለስኩት። እንደነበረው፣ ሳልቆርጥ፣ ሳልቀንስ። ጠርቼ አሰማሁት።

«ለምን መለስሽው?»

«እናትህ ማለቁን አላወቁም። ማየት ለሚቸግረው ሰው ያስፈልጋል። ተሳስቼ ነበር።»

አቀረቀረ። በጣቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ ፈተገ።

«አምና ቢሆን ኖሮ…» አለ። አልጨረሰውም። እኔም ጨርስ አላልኩትም። ምን ሊል እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቢለውም እዚያው ነን።

ከዚያ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ሠራን። ስንሠራ ጎበዞች ነን። እንዲህ ነበርን መጀመሪያ። አብሮ መሥራትና አብሮ መኖር አንድ ነገር መስሎን ነበር።

ኅዳር 16

አስረከብን። አርባ ደቂቃ ሲቀረን ስልክ በጎን ሲያዝ ሰሌዳው ግማሹ እንደሚጠፋ አየን። እሱ ሰሌዳውን አሳነሰ፣ እኔ ኮዱን ለወጥኩ። ማንም ማንን አላረመም። ጊዜም አልነበረም። ላክነው። «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። ተጨባበጥን። እንደ ሥራ ባልደረባ… ትንሽ ግን ቆየ እጁ።

ኅዳር 17

ሐኪሙ ዓይናቸው ጥሩ ድኗል አለ። ቤት ስንመለስ ሳሎን አስቀመጥናቸው። ማን ይጀምር? መንገድ ላይ እሱ እጀምራለሁ ብሎ ነበር፤ ሲቀመጥ ስልኩን ያገላብጥ ጀመር። «እማማ፣ አንድ የምንነግርዎት ነገር አለ» አልኩ።

«ተለያይታችኋል» አሉ።

እኔና እሱ ተያየን።

«ሞራ የጋረደው ዓይኔን ነው፣ ጆሮዬን ማን ጋረደው? አርብ ዕለት ስትንሾካሾኩ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ደግሞስ የገዛ ቤቱን ደወል ደውሎ የሚገባ ባል የት አገር ነው ያለው?»

እሱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ተው አንተ፣ ተነስና ሻይ አፍላ» አሉት። ተነሳ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እንደ ትንሽ ልጅ ተነሳ።

ወጥ ቤት ሲገባ ወደ እኔ ዞሩ። ሊቆጡ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ለምን ተፋታችሁ፣ ማን ነው ጥፋተኛው፣ ሽማግሌ ይግባ… ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

«እኔንም ፈታሽኝ ማለት ነው?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። የራሴ እናት ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ «ከሳሽ» የሚለኝ ሰው ማን ነው? እሳቸው ናቸው።

«አላውቅም እማማ» አልኩ። አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚደረግ የነገረኝ የለም።

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ሻዩ መጣ። ስኳር በዝቶበታል። ዝም ብዬ ጠጣሁ።

ኅዳር 18

ማለዳ ይዟቸው ሄደ። መጀመሪያ እሳቸውን ቤታቸው ያደርሳል፣ ከዚያ ወንድሙ ጋ ይመለሳል። በር ላይ እማማ አንገቴን ሳሙኝ። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ፍራሹን አጠፍኩ። ቢሮ ሄድኩ።

ኅዳር 26

ውጤት። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጌሞች ዘጠና ሰባተኛ። አንዱ «ያስተኛል፣ ምንም አይፈጠርበትም» ብሏል። ሌላው «መጨረሻ ላይ ያለችውን ድምፅ ለመስማት አንዱን ደረጃ ስድስት ጊዜ ተጫወትኩት» ይላል። ስለ ኮዱ ያነሳ የለም። ሁለተኛውን አስተያየት ለሰውዬው ላክሁለት። «አየሁ» ብሎ መለሰ። ትንሽ ቆይቶ «አመሰግናለሁ» አለ።

ታኅሣሥ 9

ፍርድ ቤት ሄደን ፈረምን። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ልጅ?»

«የለም።»

«በጋራ ያፈራችሁት የቀረ ነገር?»

«አንድ ጌም» አለ እሱ።

«ምን?»

«ምንም። የለም» አላት።

ደረጃው ላይ ሳቅን። ከዚያ እሱ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ። ዝናብ አካፋ። አልሮጥኩም።

አላለቀስኩም። ይመጣል ብዬ እስከ ማታ ጠበቅኩ። አልመጣም። ሸክም አውርዶ ትከሻው ገና ያላመነ ሰው ዓይነት ነኝ።

ታኅሣሥ 14

ቢሮ እያለሁ እማማ ደወሉ። ስማቸውን እያየሁ ስልኩ ሦስት ጊዜ ጮኸ። አነሳሁት።

«ነገ በጠዋቱ አውቶብስ እመጣለሁ።»

«ዓይንዎን አመመዎት?»

«ዓይኔ ምን ሆነ? መርፌ ውስጥ ክር እየሰካሁ ነው። አንቺን ልጠይቅ ነዋ።»

«እሱ… ያውቃል?»

«እሱ ምን አገባው?»

«መናኸሪያ መጥቼ እቀበልዎታለሁ» አልኩ። «እንዲያማ ነው» ብለው ዘጉት።

አለቃዬ ጋ ሄጄ ለነገ ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቅኩ። «በደህና ነው?» አለኝ።

«በደህና ነው። እናቴ ልትመጣ ነው።»

ካልኩት በኋላ ሰማሁት። አለቃዬ ወረቀቱን እየፈረመ ነበር። አላረምኩትም።