ኬኩ ለምን ወደቀ ብለው የጠየቁት የወ/ሮ ሲምቦ ባዳሳ የሕይወት ታሪክ
(1950 – 2017 ዓ.ም.)

ወ/ሮ ሲምቦ ባዳሳ ከአባታቸው ከአቶ ባዳሳ ገብረወልድና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዲንቂቱ ጉተማ ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አናጢ ነበሩ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ የሆኑት ሲምቦ ገና በልጅነታቸው “ለምን?” የምትለው ቃል ከአፋቸው የማትጠፋ እንደነበረች ታላላቆቻቸው ሲናገሩ ኖረዋል። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ለእንግዳ ሻይ የተቀመጠውን ስኳር በብረት ጭልፋ አድርገው እሳት ላይ ያዙት። ስኳሩ ቀለጠ፣ ወርቅማ ሆነ፣ ከዚያም ጠቆረና ጣታቸውን አቃጠላቸው። እናታቸው ደንግጠው ሲቆጧቸው፣ የተቃጠለ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ እንደከተቱ “እማዬ፣ ውሃ ሳልጨምርበት እኮ ውሃ ሆነ!” አሉ ይባላል። ቁጣው ወደ ሳቅ ተለወጠ፤ የጣታቸው ጠባሳ ግን እስከ መጨረሻው ከእሳቸው ጋር ነበረ።

ወ/ሮ ሲምቦ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጎባ ተከታትለው ካጠናቀቁ በኋላ የጤና ረዳትነት ሥልጠና ወሰዱ። በ1972 ዓ.ም. በጎሮ ክሊኒክ ተመድበው ሥራ ጀመሩ። ጎሮ ሲደርሱ የተከራዩት ክፍል በአንድ ባለሱቅ፣ በአቶ አብዱልሃኪም ግቢ ውስጥ ነበር። የባለሱቁ ባለቤት ወ/ሮ ዙህራ በዕድሜ እኩያቸው፣ በባህርይ ግን ተቃራኒያቸው ነበሩ። ሲምቦ ይጠይቃሉ፤ ዙህራ ዝም ብለው ይሠራሉ። ወ/ሮ ዙህራ ከእናታቸው የወረሱት የጣፋጭ ሙያ ነበራቸው። ሐላዋ፣ ባቅላባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስድስት እንቁላል፣ ለጋ ቅቤና ሄል የሚገባበት፣ ትኩሱን በማርና በወተት የሚርስ ኬክ ነበራቸው። ምድጃ ስላልነበረ የሚጋገረው በብረት ድስት ነው፤ ከታችም ፍም፣ ክዳኑም ላይ ፍም።

ወ/ሮ ሲምቦ ከሥራ ሲመለሱ ድስቱ አጠገብ ቁጭ ብለው በጥያቄ ያጣድፏቸው ጀመር። እንቁላሉ ለምን ይህን ያህል ይመታል? ቅቤው ለምን አይነጠርም? ማሩ ኬኩ ሳይቀዘቅዝ ለምን ይፈሳል? ወ/ሮ ዙህራ አንድ ቀን ሰልችቷቸው “ወላሂ ሲምቦ፣ እኔ የምሰጥሽ መልስ አንድ ነው፤ ቅመሺው” አሏቸው። ቀመሱት። ከዚያች ቀን ጀምሮ አብረው ጋገሩ። በሰባት ዓመት የጎሮ ቆይታቸው ለገናም ለዒድም፣ ለልደትም ለምርቃትም ሁለቱ ያልጋገሩበት ቤት አልነበረም። ወ/ሮ ዙህራም ከስማቸው ይልቅ “ኦቦሌቲ ኮ” እያሉ፣ እህቴ ማለታቸው ነው፣ ይጠሯቸው ጀመር።

በ1976 ዓ.ም. በጎባ የፊዚክስ መምህር ከነበሩት ከአቶ ኢዶሳ ቀነኒሳ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጸሙ። የበኩር ልጃቸውን ቢሊሱማን በጎሮ ከወለዱ በኋላ፣ በ1979 ዓ.ም. ወደ ጎባ ተዛውረው ከባለቤታቸው ጋር አንድ ቤት ገቡ። ፌበንና ገብረ ሥላሴ የተወለዱት በጎባ ነው።

ወ/ሮ ሲምቦ በሕይወታቸው እጅግ የሚጸጸቱበት ነገር የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ይህን ታሪክ ራሳቸው ሳይደብቁ ለልጆቻቸው ደጋግመው ስለነገሩና እንዲጻፍም ስላዘዙ፣ እኛም እንዳለ እናቀርበዋለን።

ጎባ ከመጡ በኋላ የጋገሯቸው ሁለት ሦስት ኬኮች መሃላቸው ሰርጎድ ሲልባቸው ከሰሉን ወቅሰው አልፈው ነበር። በጥር 1981 ዓ.ም. ግን የአቶ ኢዶሳ ታናሽ እህት ኡርጂ ስታገባ፣ ባለ ሦስት ደርብ የሠርግ ኬክ ሊሠሩላት ቃል ገቡ። ጎባ ውስጥ እንዲህ ያለ ኬክ በቤት ተሠርቶ አይታወቅምና ወሬው ከተማውን አዳረሰ። በሠርጉ ዋዜማ ሦስቱም ኬኮች ድስት ውስጥ ግሩም ሆነው ከፍ አሉ፣ ክዳኑን ሊነኩ ደረሱ፣ ከዚያም እያዩዋቸው አንድ በአንድ መሃላቸው ሰመጠ። ትልቁ ጎድጓዳ ሳህን መሰለ። በማግስቱ ሙሽራዋ የቆረሰችው ድፎ ዳቦ ነው።

ከሙሽራዋ ዘመዶች አንዷ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ “ያቺ የጎሮዋ ሴት መች ሙሉውን ሰጠችሽ? አንድ ነገር አስቀርታብሻለች” አሏቸው። ቃሉ በወ/ሮ ሲምቦ ልብ ገባ። በጎሮ አንድም ቀን ያልወደቀ ኬክ በጎባ ለምን ይወድቃል? ዱቄቱ ያው፣ ድስቱ ያው፣ እጁም ያው። የቀረ ነገር ከሌለ በስተቀር! ሁልጊዜ “ለምን?” የሚሉት ሴት በዚያ ቀን ግን የሰው መልስ ተቀብለው ተቀመጡ። ለወ/ሮ ዙህራ መልእክት መላክ ተዉ፤ የጎሮ ሰው ሰላምታ ሲያመጣላቸውም “እሺ” ብቻ ብለው አለፉ። አንድ ዓመት ከሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

ነገሩን የፈታው ባቄላ ነው። በ1982 ዓ.ም. አብይ ጾም አንድ እሑድ ባቄላ ቀቅለው አልበስል ሲላቸው፣ ጋዜጣ ወደሚያነቡት ባለቤታቸው ዞረው “ኢዶሳ፣ ጎሮ ላይ ሳይቆይ የሚበስል ባቄላ እዚህ ለምን ይከርማል?” ብለው ጠየቁ።

አቶ ኢዶሳ የመምህር ነገር ሆኖባቸው ጋዜጣውን አስቀመጡ። “ከፍታው ነው። ጎባ ከጎሮ እጅግ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ሳሳ ይላል። ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ግን ሲፈላ ሙቀቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ባቄላው ይዘገያል።”

ወ/ሮ ሲምቦ ማማሰያውን እንደያዙ ቆሙ። “ታዲያ ኬኩስ?”

“ስለ ኬክ መጽሐፉ አይልም” አሉ አቶ ኢዶሳ።

ወ/ሮ ሲምቦ በወንበር ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አቶ ኢዶሳ ነገሩ ገብቷቸው፣ እስኪ መጀመሪያ ይፈተንና እውነት ከሆነ ትሄጃለሽ ቢሏቸው፣ “የለም። ይቅርታው ፈተናውን አይጠብቅም። ሳልጠይቃት ነው የፈረድኩባት” ብለው መለሱ። ፋሲካም ዒድም ካለፉ በኋላ፣ ቅዳሜ ግንቦት 4 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ከጎባ ዱቄት፣ ከጎባ እንቁላልና ቅቤ፣ ያንኑ የብረት ድስት ይዘው በመኪና ወደ ጎሮ ወረዱ።

ወ/ሮ ዙህራ በራቸው ላይ አገኟቸው። ወ/ሮ ሲምቦ ደጁ ላይ እንደቆሙ ሁሉንም ተናገሩ፤ ኬኩ እንደወደቀ፣ ምን እንደተባለ፣ እሳቸውም እንዳመኑ። ወ/ሮ ዙህራ “እኔ ደግሞ ጎባ ስትገቢ የትልቅ ከተማ ሰው ሆንሽ፣ ናቅሽኝ ብዬ ነበር። ዓመት ሙሉ ምን በደልኳት እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ” አሉ። ከዚያ ድስቱን ከእጃቸው ተቀብለው “ግቢ። አኩርፌያለሁ፣ ግን እየጋገርን አኮርፋለሁ” አሏቸው።

በጎባ ዱቄትና በጎባ እንቁላል፣ በወ/ሮ ሲምቦ እጅ የተጋገረው ኬክ በጎሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሁለተኛው ሳምንት ወ/ሮ ዙህራ በተራቸው ወደ ጎባ ወጥተው፣ ማንም ሳይነካባቸው፣ ከእናታቸው እንደወረሱት አድርገው ጋገሩ። ኬኩ አበጠ፣ ክዳኑን ነካ፣ ሰመጠ። ወ/ሮ ዙህራ አጎንብሰው ድስቱን አዩና “እንዴ! ከራሴ ምን አስቀረሁ?” አሉ። ሁለቱ ሴቶች ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ የሰመጠውን ቦታ ማር ሞልተው በማንኪያ በሉት።

ከዚያ በኋላ ያለው ወደ ሁለት ዓመት የወሰደ ሥራ ነው። ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነሱ፤ ኬኩ ሳይጸና በፊት የሚያነፋው እሱ መሆኑን ደረሱበት። ስኳሩን በመጠኑ ቀነሱ፣ አንድ እንቁላል ጨመሩ፣ ወተቱን ከፍ፣ ፍሙን ጠንከር አደረጉ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለውጡት፤ ይህ የአቶ ኢዶሳ ምክር ነው። በየጊዜው የሆነውን ወ/ሮ ሲምቦ እንደ በሽተኛ ካርድ መዘገቡት። ሮቤ በከፍታ በሁለቱ መካከል ናትና ለሮቤ ሌላ መጠን ወጣላት። ወ/ሮ ዙህራ ሶፍ ዑመር ዘመድ ስላላቸው እዚያም ወርደው ጋገሩ። በቆላው ኬኩ ያለ ምንም ችግር ቢቆምም ከላይ የቀቡት ክሬም በሙቀቱ ቀልጦ ፈሰሰባቸው። ወ/ሮ ሲምቦ በዚህ አልተናደዱም፤ እንደውም “ሌላ ጥያቄ አገኘን” ብለው ደስ አላቸው።

በጥር 1984 ዓ.ም. የኡርጂ የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ ባለ ሦስት ደርብ የማር ኬክ በጎባ ከፍታ ላይ ቀጥ ብሎ ገበታ ላይ ቀረበ። ኡርጂ ቢላዋውን ይዛ “የሠርጌ ኬክ ሦስት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ” አለች። ወ/ሮ ሲምቦ ያን ቀን ኬኩ ከመቆረሱ በፊት ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሙያው የወ/ሮ ዙህራ መሆኑን፣ አንዳችም ያስቀሩት ነገር እንዳልነበረና ስህተቱ የራሳቸው እንደነበረ ተናገሩ። ያን ጊዜ በሠርጉ ላይ የተናገሩት ዘመድም ተነሥተው ወ/ሮ ዙህራን ሳሙ።

ከዚያ ወዲህ ኬክ የወደቀባት የጎባና የሮቤ ሴት ሁሉ ወደ ወ/ሮ ሲምቦ ትሄድ ነበር። እሳቸውም መጠኑን ለማንም አልደበቁም። በቅድሚያ የሚጠይቋት ግን “ቤትሽ የት ነው? ዳገቱ ላይ ነው ወይስ ታች?” ብለው ነበር። በመሥሪያ ቤታቸውም በጎባ ለሠላሳ አንድ ዓመታት እናቶችን በትጋት አገልግለው በ2010 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ።

በ2004 ዓ.ም. የስኳር ሕመም ተገኘባቸው። የጤና ባለሙያ ስለነበሩ ከዚያች ቀን በኋላ አንድ ቁራሽ ኬክ አልቀመሱም፤ መጋገሩን ግን አልተዉም። የሚበላላቸውን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠው ይጠይቁት ነበር። “ጣፋጭ ነው” ማለት ለእሳቸው መልስ አልነበረም። የልጅ ልጃቸው ሀዋኒ ስምንት ዓመቷ ሳለ፣ ዓይኗን ጨፍና ካላመጠች በኋላ “አያቴ፣ መጀመሪያ ቅቤው ይመጣል። ማሩ ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ ጉሮሮ ላይ። ሄሉ ደግሞ ከዋጥኩ በኋላ በአፍንጫዬ ወጣ” አለቻቸው። ወ/ሮ ሲምቦ እጃቸውን አጨብጭበው “አሁን በላሁ!” አሉ።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ ጥር 2011 ዓ.ም. ላይ፣ ለብዙ ዘመን ሲመኙት የኖሩትን ፈጸሙ። ቢሊሱማ እየነዳ፣ አቶ ኢዶሳና ወ/ሮ ዙህራ አብረዋቸው፣ ድስትና ከሰል ይዘው ከጎባም እጅግ ከፍ ወዳለው ወደ ሰነቴ አምባ ወጡ። የመንገድ ጥገና ሠራተኞች በድንኳናቸው ነፋስ ከለሉላቸው። ወ/ሮ ዙህራ በጋቢ ተጠቅልለው “ሲምቦ፣ ከዚህ በላይ ያለው ሰማይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ምድጃ የለም” ይሉ ነበር። ኬኩ ጠርዙ አረረ፣ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ሠራተኞቹ ግን ማር አፍስሰውበት ፍርፋሪ ሳያስቀሩ ጨረሱት። ቢሊሱማ እናቱን እንደዚያ ቀን ተደስተው እንዳላየ ይመሰክራል። ወደ ታች ሲወርዱ መንገዱን ሙሉ ስለሚቀጥለው ሙከራ ሲናገሩ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ አልሆነም። ሕመሙ ኩላሊታቸውን ስለጎዳ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጎባና በአዲስ አበባ ሕክምና ሲከታተሉ ቆዩ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ወ/ሮ ዙህራ ከጎሮ መጥተው ከአልጋቸው አጠገብ አልተለዩም። ሐኪሞች ሲገቡ ወ/ሮ ሲምቦ የሚሰጣቸው መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቁ ነበር፤ መልሱንም አጥብቀው ያዳምጡ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው ከብቦአቸው ሳለ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ፣ እሑድ ግንቦት 10 ቀን፣ ዘመድ ወዳጆቻቸው በተገኙበት በጎባ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ወ/ሮ ሲምቦ ባለቤታቸውን አቶ ኢዶሳ ቀነኒሳን፣ ልጆቻቸውን ቢሊሱማን፣ ፌበንንና ገብረ ሥላሴን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም አንዲት እህት ወ/ሮ ዙህራን ትተው አልፈዋል። ይህን ጽሑፍ ያየ አንድ ዘመድ “እህት የሚለው ስህተት አይደለም ወይ?” ብሎ ጠይቆን ነበር። ስህተት አይደለም። ሲምቦ ያለ ጥያቄ የተቀበሉት እውነት እሱ ብቻ ነው።

ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳን ማረፊያ ያኑርልን፤ ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።