ስላቀፉኝ አመሰግናለሁ

ለተከበሩ አቶ ጂሬኛ፣
የከተማችን የሁሉን አቀፍ መንገድ ፕሮጀክት አስተባባሪ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ፣ በተለይም ስለ ጉልበትዎ እጠይቃለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃው እንዳያደክምብን ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ ዘውድነሽ ነኝ፤ ወደ ጭሮ ጫት የሚወስዱት መኪኖች በሚቆሙበት ልብስ የምሰፋው፣ በዊልቸር የምሄደው። በምረቃው ዕለት የቆረጡትን ሪባን ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ ሳያስታውሱኝ አይቀሩም።

የምጽፈው ለማመስገን ነው። ፕሮጀክቱ ከመምጣቱ በፊት መንገዳችን በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነበር። ሆኖም ሜዳ ስለነበር ጎማዬን በገዛ እጄ እየገፋሁ ከቤቴ ሱቄ እደርስ ነበር። እርስዎ ከዚህ ድካም ገላግለውኛል።

አንደኛ፣ ከሱቄ ፊት ስላስቆፈሩት ጥልቅ ቦይ አመሰግናለሁ። ክዳኑ በሁለተኛው ምዕራፍ ይመጣል ስለተባለ፣ እስከዚያው እኔ ወዲህ፣ የስፌት መኪናዬ ወዲያ ሆነን እንተያያለን።

ሁለተኛ፣ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ታስቦ ቦዩ ላይ ስለተሠራው መሻገሪያ አመሰግናለሁ። ልኩ ለዊልቸሬ ይበቃል፤ እውነቱን ለመናገር ሥራውም ያምራል። ብቻ «ሁሉን አቀፍ መንገድ» የሚለው ትልቁ ታፔላ በሲሚንቶ የተተከለው ልክ የመሻገሪያው አፍ ላይ ነው። ሰው በጎኑ ሾልኮ ያልፋል፤ ፍየልም ታልፋለች። እኔ ጽሑፉን አንብቤ እመለሳለሁ።

ሦስተኛ፣ የቃሉን ትርጉም ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። እኔ ሞኟ ሁሉን አቀፍ ማለት ማንንም የማይተው ማለት ይመስለኝ ነበር። በምረቃው ዕለት ግን መድረኩ ደረጃ ብቻ ስለነበረው፣ ተጠቃሚዎችን ወክዬ ምስጋና እንዳቀርብ ሁለት ሠራተኞችዎ አቅፈው ሲያወጡኝና ሕዝቡም ሲያጨበጭብ፣ ለካ ነገሩ የእውነት ማቀፍ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚያቅፈኝ ጫት ጫኙ ጎረቤቴ ዓሊዩ ነው። «ቢስሚላህ» ብሎ ያነሳኛል፤ እንዳላፍር ደግሞ እንደ አክስቱ ቆጥሮ «አዳዳ፣ ከጫቱ አንቺ ትቀልያለሽ» ይለኛል።

ደግ ልጅ ነው፣ ጌታ ይባርከው። እኔ ግን አፍራለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ተናድጃለሁም። አርባ ዓመት የሞላኝ ሴት ነኝ። ዓሊዩ ገበያ የሄደ ቀን ሱቄ ተዘግቶ ይውላል፣ ደንበኞቼም ጨርቃቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሰፊ መሄድ ጀምረዋል። ይህንን ለማመልከት ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ጥበቃው ደረጃውን አሳይቶኝ ተመለስኩ። የምለምነው እቅፍ አይደለም። ታፔላው ትንሽ ፈቀቅ ይበልልኝና ወደ ሥራዬ በራሴ እጅ ልሂድ።

ከፍ ብለው እንደተቀመጡ ከፍ ያድርግዎ እያልኩ፣ ከቦዩ ማዶ ወደ መስኮትዎ አንጋጥጬ እጅ የምነሳ፣

አክባሪዎ ዘውድነሽ፣ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ለሁለተኛው ምዕራፍ ምረቃ ያዘዙት ሪባን ደርሷል፤ ሱቄ ውስጥ ነው። ፎቅ ወጥቼ ላስረክብዎ ስለማልችል እባክዎ ራስዎ መጥተው ይውሰዱ። በታፔላው ጎን ከፍየል ጋር መሹለክ ለማዕረግዎ የማይመጥን ከሆነ አያስቡ፤ ለዓሊዩ ነግሬዋለሁ፣ አቅፎ ያሻግርዎታል። የሚያጨበጭበውን ሕዝብ እኔ እጠራለሁ።