ባለመዶሻዋና ባለመርፌዋ

ኢሳልሚ፣ በረዶው ሐይቁን በለቀቀ በሦስተኛው ቀን

ለልብ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ የኮኮላን የባሕር ንፋስ ለመደው? ልጅሽስ፣ የልጅ ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? እኔ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። ወገቤም ቢሆን የሚያመኝ የትምህርት ቤቱን የሾርባ ድስት ሳነሳ ብቻ ስለሆነ ፈጣሪን አላማርርም። ራይኔም ደኅና ነው፤ ጀልባውን ቀለም እየቀባ ነው፤ እስካሁን ከጀልባው ይልቅ ሱሪው ነው ቀለሙን የጠጣው። ባለቤቴ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን ስቄበት ነበር፤ ለነገሩ ስቄበታለሁ። ሰላም በይልኝ ብሎሻል።

ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ አላነሳሽም። አልተቀየምኩም። ድሮም ቢሆን፣ “አንቺ ስልክ ላይ ከወጣሽ የኔ ድርሻ ደኅና ዋይ ማለት ብቻ ነው” ትይኝ ነበር። ደብዳቤ ይሻላል አልኩ፤ ሲሰለችሽ አስቀምጠሽው ሽርሽር መሄድ ትችያለሽ፣ እኔም አላይሽም። መልስ የምትጽፊልኝ ከሆነ ግን፣ እባክሽ ቀለሙ እስኪደርቅ ታገሺ። በግራ እጅሽ ስትጽፊ መዳፍሽ ከኋላ እየተከተለ የጻፍሽውን ሁሉ ያጠፋዋል፤ የገና ካርድሽን ለማንበብ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠርጌያለሁ።

አሁን ወሬዬን ልንገርሽ። አዲስ የውድድር ሽጉጥ ያዝኩ። አዎ፣ እኔ፤ “ከባለመዶሻዋ ሽጉጤ የሚለየኝ ሞት ነው” ስል የኖርኩት ሴትዮ።

ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይገባሽም፤ መጀመሪያው ደግሞ ያለፈው ነሐሴ ነው። ገጹን አትግለጪው፣ አንብቢው።

ያንቺን ባለመዶሻ ያስገዛሁሽ እኔ ነኝ። ያቺ የድሮዋ ሽጉጥሽ ለትንሿ እጅሽ ትመችሽ ነበር። እኔ ነኝ የለፈለፍኩብሽ፤ “የመጀመሪያው ጥይት ላይ ቃታው ይከብዳል፣ ከዚያ በኋላ ግን ቅቤ ነው” ያልኩሽ፤ ብረትነቷ እጅ ላይ አያዘልላትም ያልኩሽ። ሁሉም እውነት ነበር። ያልነገርኩሽ ነገር ቢኖር፣ ጥይቱ ከገባ በኋላ ያንን ከጀርባዋ የተቀሰረውን መዶሻ በአውራ ጣት ይዞ፣ ቃታውን ስቦ፣ ቀስ አድርጎ ማውረድ በየውድድሩ መነሻ ላይ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ነው። እኔን ስለማያስፈራኝ አንቺንም አያስፈራሽም አልኩ።

የዚያን ዕለት ደግሞ ሰዓት መቁጠሪያውን የያዝኩት ዳኛም እኔው ሆንኩ። “አጉርሺና ተዘጋጂ” አልኩሽ። አጎረስሽ፣ አቀባበልሽ፣ መዶሻውን ያዝሽ፤ ጣትሽን አዳለጠውና ባረቀብሽ። ጥይቱ ሦስት እርምጃ ፊት ለፊት አሸዋ ውስጥ ገባ፤ ማንም አልተነካም። “አቁሚ” አልኩሽ። በዚህ አላፍርም። እናቴም ብትሆን አቁሚ እላት ነበር፤ ያለ ሥርዓት የባረቀበት ሰው የዚያን ቀን ውድድሩ አበቃ፤ ዳኛ የሚያዝንበትም የሚያመቻምችበትም ቀዳዳ የለውም። አንቺም ይህን ታውቂያለሽ።

የማፍርበት ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቋሊማ የምንጠብስበት እሳት ዳር ቆሜ ለክለባችን ሰዎች ለነኦይቫ፣ “ስንት ጊዜ አሳየኋት፤ ድሮም አውራ ጣቷን አላመንኩትም ነበር” አልኩ። ሰምተሻል። የመኪናሽ በር ክፍቱን ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ ሲዘጋ አይቻለሁ። አንቺ በር ቀስ ብለሽ ዘግተሽ አታውቂም።

የክለባችን ልማድ የታወቀ ነው፤ ከውድድር የተባረረ ሰው በሚቀጥለው ሐሙስ ኬክ ጋግሮ ያመጣል፣ ይበላል፣ ይሳቅበታል፣ ነገሩ ያልቃል። ሐሙስ መጣ፤ አንቺ አልመጣሽም። ሌላም ሐሙስ መጣ። በጥቅምት ሽጉጥሽን ሸጠሽ ወደ ልጅሽ ሄድሽ። እኔ ደግሞ፣ ምን እንደምል ስላላወቅሁ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልኩ። ራይኔ ታማለች ብሎ ነበር።

አሁን ደስ ወደሚለው ልሂድ፤ እጄ እየቸኮለ ነው።

ባለፈው ወር፣ የምንተኩስበት ጠጠር ጉድጓድ ውስጥ ገና በረዶ እያለ፣ የዓመቱን የመጀመሪያ የልምምድ ውድድር አደረግን። ሰዓት የያዘው ኦይቫ ነበር፤ ያ ሁሉን ያስተማረን ሽማግሌ፣ አሁን ሰባ ዘጠኝ ሞላው፣ ጆሮው ትንሽ ከብዶታል፣ ዓይኑ ግን ያው የጭልፊት ነው። ተራዬ ደረሰ። ጓንቴን አውልቄ፣ ጣቶቼ ገና አልሞቁም፣ እኔ ግን ምን ገዶኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ያወረድኩት መዶሻ አይደል? አጎረስኩ፣ አቀባበልኩ፣ መዶሻውን በአውራ ጣቴ ያዝኩ፣ ቃታውን ሳብኩ።

ባረቀብኝ።

ልክ እንዳንቺው፣ አሸዋው ላይ፣ ያውም ካንቺው አንድ እርምጃ ቀርቦ። ኦይቫ አቁሚ አለኝ፤ አራገፍኩ፣ ባዶ መሆኗን አሳየሁ፣ ሽጉጤን አስቀመጥኩ። ከዚያ ኦይቫ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “ልጄ፣ ኬኩ ምን ዓይነት ነው?” አለኝ።

እንዴት እንደሳቅሁ ልነግርሽ አልችልም። እንባዬ ወረደ። ሰዎቹ አለቀሰች ብለው ዞር አሉልኝ፤ በግማሹ እውነታቸውን ነው። ከነሐሴ ጀምሮ “እኔን ግን አያጋጥመኝም” የሚል ድንጋይ ጀርባዬ ላይ ተሸክሜ ኖሬ ኖሯል፤ ወደቀልኝ። በሃምሳ አራት ዓመቴ አውራ ጣት እንደሚያዳልጠው ተማርኩ። የማንም ሰው።

ኬኩን የጋገርኩት ባንቺ መጋገሪያ ነው፤ ያቺ ጠርዟ የተቆለመመው፣ ለልደቴ አምጥተሽ እኔ ቤት የረሳሻት። ሔል ጨመርኩ፣ ከላይ ደግሞ ራይኔ ረግረግ ለረግረግ ሲባዝን ለቅሞ ያቀዘቀዘውን ብጫ ፍሬ። ፍርፋሪ አልተረፈም። ኦይቫ እንደ ልማዱ ቆሞ ንግግር አደረገ፤ ወጣት ሳለ በአንድ በጋ ሁለቴ እንደባረቀበትና ለሁለተኛው ሚስቱ አልጋግርም ስላለች ከሱቅ ገዝቶ እንዳመጣ ተናገረ፤ ይህን ለሠላሳ ዓመት ደብቆን ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እንዲህ አለ፦ “የጓደኛሽን ኬክ ገና አልበላሁም። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፍጠኚ በያት።”

ይኸው አልኩሽ።

በማግስቱ ከሥራ እንደወጣሁ ቴርሆ ዘንድ ሄድኩ። ሽጉጥ ሠሪው ቴርሆ ያው ነው፤ ጢሙ ረዝሟል፣ ትዕግሥቱ አጥሯል። መዶሻ የሌላት ባለመርፌ ሽጉጥ አሳየኝ ስለው መርዶ የነገርኩት መሰለው። “ባለመርፌ ማለት እኮ የጭቃ ቦት ጫማ ማለት ነው፤ ያገለግላል፣ ግን ማን ያፈቅረዋል?” አለኝ። እኔም፣ ባሌን ያገኘሁት የጭቃ ቦት ጫማ አድርጎ ነው አልኩት። ለልምምድ እሱ ባለበት እንድሞክራት ሁለት ሳምንት ሰጠኝ።

ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ ስተኩስ ሰነበትኩ፤ ቴርሆ ሰዓት ይይዛል፣ ይነጫነጫል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ባለመዶሻዋ የመጀመሪያው ጥይት ላይ እንደ ክረምት በር ታስገፋሻለች፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ሐሳብሽን ቀድማ ትተኩሳለች። ከባድ ስለሆነች እጅሽ ላይ ዝም ትላለች። ባለመርፌዋ ቀላል ናት፤ ትዘላለች። ቃታዋ ርጥብ በረዶ ላይ እንደመራመድ ነው፤ ትረግጪያለሽ፣ ትረግጪያለሽ፣ ከዚያ ድንገት ይሰምጣል። ግን ሁልጊዜ ያው ነው፤ የመጀመሪያውም ያው፣ አሥረኛውም ያው። የሚወርድ መዶሻ የላትም፤ መምቻው መርፌ ሆዷ ውስጥ ተደብቋል። ታጎርሻለሽ፣ ታቀባብያለሽ፣ ወደ አፎቷ ትመልሻለሽ፤ አለቀ። አውራ ጣት ዕረፍት ላይ ነው።

ቴርሆ የጻፈውን ሰዓትና ውጤት ራይኔ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አየው። በእኔ እጅ ባለመዶሻዋ በሁሉም ነገር ትበልጣለች፤ በፍጥነትም፣ በኢላማም። ራይኔ መነጽሩን አወለቀና፣ እንግዲህ ተወስኗል፣ ያለሽን ይዘሽ ቁጭ በይ አለኝ።

ባለመርፌዋን ወሰድኩ።

ቴርሆ የእጀታዋን ጀርባ መለዋወጫዎች፣ ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ፣ ሦስቱንም ደርድሮ፣ ትልቁን ሊገጥምልኝ ሲል የለም፣ ትንሹን አልኩት። እጄን ያዘና ከእጀታው ጋር ለካው። ይህ የድስት አንሺ እጅ ነው፣ ያ ደግሞ የአሻንጉሊት ነው፣ ጣቶችሽ ተርፈው ይተራመሳሉ አለኝ። ትንሹን አልኩት። ከዚያ የጥይት ካዝናውን የምታስለቅቀውን ቁልፍ ገልብጠህ በቀኝ ጎን አድርግልኝ ስለው መሣሪያውን አስቀመጠና አፍጥጦ አየኝ።

“ሴትዮ፣ ይህ እኮ ለግራኝ ነው።”

“ገልብጠው” አልኩት።

ገለበጠው። ወሬ አላበዛም፤ ጢሙ ውስጥ ግን ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ። አሁን አውራ ጣቴ የሚሠራውን ሥራ ሌባ ጣቴን እያስተማርኩት ነው፤ ከዚያኛው ጎን ተጠማዞ ቁልፏን ይጫናል። በዚህ ዕድሜው አንደኛ ክፍል ገባ፤ ይረሳል፣ ይሳሳታል፣ ትናንት ካዝናውን እግሬ ላይ ጣለብኝ። ግን እየለመደ ነው። የፈለገ ሰው ምን አይለምድም።

በበጋው እኩሌታ በዓል ሰሞን ኩኦፒዮ ላይ የሴቶች የጥንድ ውድድር አለ፤ ያ አምና ሳንገባ የቀረነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሽጉጥ በየተራቸው መግባት ይችላሉ ወይ ብዬ አዘጋጆቹን ጠየቅሁ፤ ይችላሉ አሉኝ። መመዝገቢያው እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍት ነው። ለምን እንደጠየቅሁ አልጠየቁኝም።

ፖስታው ውስጥ አንድ ወረቀት አለ፤ ከደብዳቤው ጋር አብረሽ እንዳትጥይው። የፖሊስ ቅጽ ነው። አንድ መሣሪያ ሁለት ባለፈቃድ ሊኖረው እንደሚችል ታውቂያለሽ። እኔ የኔን ቦታ ፈርሜያለሁ። ሌላው መስመር ባዶ ነው፤ እንዳይበላሽ ብዬ አልነካሁትም። ቀለምሽ ቢጨማለቅበትም ፖሊሶቹ ከእኔ የተሻለ መነጽር አላቸው።

ያን እሳት ዳር የተናገርኩትን በደብዳቤ ይቅርታ መጠየቅ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ይኸው ስድስት ገጽ ጽፌ ገና አልጠየቅሁሽም። ይቅር በይኝ። በቃ፣ ተባለ።

ባሕሩ ደግ ይሁንልሽ፤ ጉልበትሽ ይጽና፤ የልጅ ልጆችሽ በሠርጋቸው ያስጨፍሩሽ፤ ደጅሽ በክፉ አይንኳኳ። ስልክሽ ሲጮህ ደግሞ አንሺው፤ ደኅና ዋይ ለማለት ያህል እንኳ ፋታ እሰጥሻለሁ።

ለፍላፊዋ ጓደኛሽ

ይህንን ረስቼው፦ መጋገሪያሽን አጥቤ መስኮቱ ላይ ደፍቻታለሁ። ኦይቫ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ልምምድ ሲመጣ የኬክ ሹካ በደረት ኪሱ ይዞ ነው የሚመጣው።